የደላላው ሥራ የሚያልቅበት ቀን

(አዲስ አበባ ውስጥ ለቤት ሽያጭ ደላሎችና ቤት ለመግዛት ለተዘጋጁ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። የጋበዛችሁኝ በጠበቃነቴ ስለ ቤት ሽያጭ ሕግ እንድናገር ነው። የምለው የሕግ ነገር አለኝ፤ ወደ በኋላ እደርስበታለሁ። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት አቤቱታ ይዘው ቢሮዬ የመጡትን ቤት ገዢዎች አንድ በአንድ ሳስታውስ፣ በሁሉም ታሪክ ውስጥ ቀድሞ የሚነሳው አንድ ሰው ነው። ቤቱን ያሳያቸው፣ ዋጋውን የነገራቸው፣ ከሻጩ ጋር ያስተዋወቃቸው፣ «ቶሎ እንጨርስ» ወይም «ቆይ፣ እስቲ እናጣራ» ያላቸው ሰው። ዛሬ ስለዚያ ሰው እናገራለሁ። ከዚህ አዳራሽ ግማሹ ያ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የምለውን ሁሉ ከኋላችሁ ሳይሆን ፊት ለፊታችሁ ነው የምለው።

በአንዲት እህት ታሪክ ልጀምር። ቤይሩት በሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። የካ አባዶ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ፈለገች። ደላላው ትሁት ወጣት ነበር፤ «እህቴ» እያለ ነበር የሚጠራት። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቤት አሳያት፤ ሦስተኛውን ወደደችው። በማግስቱ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለላት። «ሌላ ገዢ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ሰነድ) አሠርቶ ነገ ጠዋት ይመጣል፤ ዛሬ ቀብድ ካልያዝሽ ቤቱ ያመልጥሻል» አላት። በዚያው ምሽት አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጣ በስልኳ 800 ሺህ ብር ለሻጩ አስተላለፈች።

የተፈራረሙበትን ወረቀት በኋላ አይቼዋለሁ። ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ነው። ጽሑፉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ቦታ ስለጠበበ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ወደ ኅዳጉ ዞሮ ሽቅብ ወጥቷል። የብሎኩ ቁጥር ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ተጽፎበታል። ዋጋው በአኃዝ ብቻ እንጂ በፊደል አልተጻፈም። ከታች የሻጭ፣ የገዢና የሁለት ምስክሮች ፊርማ አለ፤ አንደኛው ምስክር ራሱ ደላላው ነው።

ከሳምንት በኋላ ውልና ማስረጃ ሲሄዱ ሻጩ የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ሰውየው ባለትዳር ነበር። ባለቤቱ አዳማ ነው የምትኖረው፤ ስለ ሽያጩ የሰማችው በዚያ ቀን ነው፤ አልፈርምም አለች። መብቷ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ላይ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። እንዲያውም አንደኛው ብቻውን ሸጦት ቢገኝ ሌላኛው ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ውሉ ከተደረገም ሁለት ዓመት ሳያልፍ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ቤት ገዝተህ፣ ቀለም ቀብተህ፣ መጋረጃ ሰቅለህ ገብተህ ሳለ አንድ ቀን የፍርድ ቤት መጥሪያ ሊደርስህ ይችላል ማለት ነው።

ደላላውን አግኝቼ ጠየቅሁት። «ሰውየው ባለትዳር መሆኑን ታውቅ ነበር?» አልኩት። ምንም ሳይደነግጥ፣ በቅን ልብ መለሰልኝ። «አውቃለሁ፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም» አለኝ።

ይህቺ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ወጣቱ አጭበርባሪ አልነበረም። ከሻጩ ጋር አልተመሳጠረም፤ ከቀብዱም አምስት ሳንቲም አልወሰደም። የሚያውቀውን ነገር መንገር የሥራው ክፍል መሆኑን ግን ማንም አላስተማረውም። ያቺ እህት ገንዘቧ በየጊዜው እየተቆራረጠ ተመልሶላት ሲያልቅ አሥራ አራት ወር ሆኖ ነበር። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ከ800 ሺው ብር አንድም አልጎደለባትም። ያየችው ዓይነት ቤት ግን ከአቅሟ በላይ ሆኖ ነበር። በዶላር ያጠራቀመችውን በብር ለውጣ የሰጠችው ያን ቤት ብላ ነውና።

«ደላላ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። በዚያ ቋንቋ ሥሩ መንገድ ማሳየት፣ ማመልከት ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ «ደለለ» ስንል አባበለ፣ ሸነገለ፣ አታለለ ማለታችን ነው። ሰው «የደላላ ነገር!» ብሎ ሲያማችሁ የሚያስበው ሁለተኛውን ነው፤ ቤት ፍለጋ ሲወጣ ደግሞ ስልካችሁን አፈላልጎ የሚደውለው የመጀመሪያውን ፈልጎ ነው። በየቀኑ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያገኝ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ይሁንና ነገሩን በጠባይ ብቻ አልተወውም፤ ክፍያው ራሱ ወደ አንዱ ወገን የሚገፋ ነው። እስቲ አብረን እናስላው።

በከተማችን የቤት ሽያጭ ልማዱ ከሻጭ ሁለት፣ ከገዢ ሁለት በመቶ ነው። አንድ ቤት 12 ሚሊዮን ብር ተጠየቀበት እንበል። ገዢው ተከራክሮ በ11 ሚሊዮን ቢያስጨርሰው አንድ ሚሊዮን ብር ተረፈው። ደላላው ግን ከገዢ 20 ሺህ፣ ከሻጭ 20 ሺህ፣ በድምሩ 40 ሺህ ብር ቀረበት። ለገዢው የሚከራከር ደላላ ከገዛ ኪሱ እያወጣ ነው የሚከራከረው ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ደላላው አንድ አይደለም። ቤቱን የሚያውቀው የሰፈሩ ደላላ ነው፤ እሱ ለሌላው ይደውላል፤ ያ ደግሞ ገዢ ላለው ሦስተኛ ሰው ያስተላልፋል። ኮሚሽኑ ለሦስትና ለአራት ሲከፋፈል የዋጋው ከፍና ዝቅ ማለት ለእያንዳንዳቸው ብዙም ለውጥ የለውም፤ ትልቁ ጉዳይ ውሉ ዛሬ መፈረሙ ነው። ገዢው ፊት ለፊት የሚያገኘው ደላላም ከሁሉም ይልቅ ስለ ቤቱ ጥቂት የሚያውቀው ይሆናል። «ካርታው ንጹሕ ነው» ሲል የነገሩትን እየደገመ ነው። የነገረውም ሰው ከሌላ የሰማውን ነው የነገረው።

ይህ የእኛ ሀገር ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። በቺካጎ አካባቢ የተካሄዱ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የቤት ሽያጮችን መረመሩ። የሽያጭ ወኪሎች የደንበኛን ቤት ሲሸጡና የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ልዩነት አለው ወይ ብለው ጠየቁ። ወኪሎቹ የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ በአማካይ 9.5 ቀን የበለጠ ታግሠው ገበያ ላይ ያቆዩታል፤ ከተመሳሳይ የደንበኛ ቤትም 3.7 በመቶ በበለጠ ዋጋ ይሸጡታል። እነዚህ ፈቃድ ያላቸው፣ ተፈትነው ያለፉ ሰዎች ናቸው። ለራስ ሲሆን መታገሥ አለ፤ ለሰው ሲሆን ጥድፊያ ይመጣል። ጥናቱ የሻጩን ወገን ነው የተመለከተው፤ እኛ ዘንድ ግን ያው አንድ ደላላ ለሻጭም ለገዢም የሚቆም ስለሆነ ጥድፊያው በሁለቱም ላይ ያርፋል።

እኔ በቢሮዬ ካየሁት ጉዳት ሁሉ የበዛው ከውሸት ሳይሆን ከጥድፊያ የመጣው ነው። ውሸት ቢያንስ ይያዛል፤ ሰነዱ ሲመረመር፣ ቀበሌ ሲጠየቅ ይወጣል። ጥድፊያ ግን ሰነዱ የሚመረመርበትን ቀን ራሱን ነው የሚወስደው። «ሌላ ገዢ አለ» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር እውነት በሆነች ጊዜ እንኳን የምትሠራው ሥራ አንድ ነው፦ ገዢው በሦስት ቀን ሊያጣራ የሚችለውን ነገር በሦስት ሰዓት ተስፋ እንዲወስን ማድረግ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ቀብድ ስታስይዙ ለገዢው የምትነግሩት ነገር አለ፦ «አይዞህ፣ ሻጩ ቢያፈርስ እጥፉን ይከፍልሃል።» ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 የተወሰደ ነው፤ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል፤ በአንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ካፌ ውስጥ የተፈረመ የደብተር ወረቀት በዚህ ሁሉ ላይ ቆሞ እጥፍ ያስከፍላል ብላችሁ ለገዢ ተስፋ ስትሰጡ፣ መሠረት በሌለው ግድግዳ ላይ ጣራ እያቆማችሁ ነው። ውሉ ፈራሽ ሲባል ዋናው ሙግት ሁለቱም ወደነበሩበት ይመለሱ የሚለው ይሆናል፤ ገዢው ገንዘቡን የሚያገኘውም ሻጩ ሳያጠፋው ከቆየ ነው።

ከዚህ የከፋ ምክር ደግሞ አለ፤ ሳልናገረው አላልፍም። «ለግብሩ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋው 3 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፍ።» ቤቱ የተሸጠው በ9 ሚሊዮን ነው። ይህን የሚል ደላላ ለገዢው የጠቀመ ይመስለዋል። ከሁሉ በፊት ነገሩ ሕገ ወጥ ነው። ለገዢውም አደጋ አለው፤ ነገ ውሉ ቢፈርስና ገዢው ገንዘቤን መልሱልኝ ቢል በእጁ ያለው ማስረጃ 3 ሚሊዮን ነው የሚለው። ስድስቱን ሚሊዮን በምን ሊያስረዳ ነው? ያ ደላላ በዚያን ጊዜ ስልኩን የቀየረ ቢሆንስ?

የኮንዶሚኒየም ውክልናም እንዲሁ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው ቤቱን መሸጥ እንደማይችል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህም ምክንያት ሽያጩ በውክልና ተሸፍኖ ሲደረግ ኖሯል። ውክልና ግን የሰጠው ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞትም ይቋረጣል፤ ቀጥሎ የምታገኙት ወራሾቹን ነው። ይህን ለገዢው ፊት ለፊት ሳይነግር «ሁሉም እንዲህ ነው የሚገዛው» ብሎ የሚያስፈርም ሰው፣ የዚያን ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ሰው ዕድሜና ሐሳብ ላይ እያንጠለጠለ ነው።

ሌላ ሰው ላሳያችሁ። ጎፋ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ደላላ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለት አስተማሪዎች፣ ባልና ሚስት፣ ቤት ፈልገው ወደ እሳቸው መጡ። ወሩ ሐምሌ ነበር። አስተማሪዎቹ ዝናቡ ቆም ሲል ቤቱን እንይ አሏቸው፤ ጋሼ እንቢ አሉ። «ቤት በዝናብ ነው የሚታይ» ብለው ቀጠሯቸው፤ ጃንጥላ ይዘው ራሳቸው በር ላይ ጠበቋቸው።

ቤቱ ያምራል፤ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ጋሼ ከሳሎኑ ጥግ ወንበር ስበው ቆሙበትና ኮርኒሱ ከግድግዳው የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸው ገባ። ቀለሙ እንደ ረጠበ ወረቀት ተላጠ፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ የሻጋታ ክብ ነበር። ከዚያ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈቱት፤ የሚወርድ ነገር የለም። ወርደው የምድር ቤቷን ጎረቤት በር አንኳኩ። ሴትዮዋ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት መሆኑን፣ እላይ ድረስ የሚወጣው ግን አንዱን ሌሊት ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። ጋሼ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ።

ያን ደብተር አንድ ጊዜ እንዳየው ፈቅደውልኛል። እያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ አለው፤ ገጹም በማስመሪያ ለሦስት ተከፍሏል። ከዓምዶቹ በላይ «ያየሁት»፣ «የሰማሁት»፣ «ያላጣራሁት» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ቤት ገጽ ላይ «ያላጣራሁት» በሚለው ሥር «የባንክ ዕዳ፤ ሻጭ የለም ብሏል» የሚል ነበር። ሻጩ «የለም» ማለቱን ጽፈውታል፤ እሳቸው ግን አላጣሩም፤ ስለዚህ «ያየሁት» ውስጥ አላስገቡትም። ለገዢዎቹም ገጹን እንዳለ ነው ያሳዩዋቸው።

ጋሼ ለአስተማሪዎቹ «ይህን ቤት አትግዙ» አሏቸው። በዚያ ቀን ምንም አላገኙም። አስተማሪዎቹ ከአራት ወር በኋላ በእሳቸው በኩል ሌላ ቤት ገዙ፤ ቀጥሎ የሚስትየው ወንድም መጣ፤ እኔም የምሠራላቸውን ሰዎች ወደ እሳቸው መላክ ጀመርኩ። የጋሼን ሥራ ያሳደገላቸው ያ «አትግዙ» ያሉበት ቀን ነው። እግራቸው ደክሞ እስኪያቆሙ ድረስ ቴሌግራም ላይ አንድም ማስታወቂያ አልለጠፉም።

እንግዲህ ጥያቄው ሁሉንም ደላላ እንደ ጋሼ እንዲሆን እንዴት እናደርጋለን ነው። እኔ ሰውን በምክር ብቻ እለውጣለሁ ብዬ አላምንም። የምለውጠው ነገር ካለ የክፍያውን ቀን ነው።

እስቲ አስቡት። ኮሚሽናችሁን የምትቀበሉት ብዙውን ጊዜ ውሉ የተፈረመ ቀን ነው፤ ከውልና ማስረጃ በር ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም እዚያው አጠገብ ካለ ባንክ። የእናንተ ሥራ በዚያ ሰዓት ያልቃል። የገዢው መከራ ግን ገና መጀመሩ ነው። ክፍለ ከተማ አለበት። የቴምብር ቀረጡ ሁለት በመቶ አለበት፤ ሌላውም ክፍያ አለበት። ፋይል ጠፋ፣ ልኬቱ ከካርታው ጋር አልገጠመም፣ ፍርድ ቤት ያገደው ነገር ተገኘ የሚባለውም በዚያ ጊዜ ነው። ስም ተዛውሮ ካርታው በእሱ ስም እስኪወጣ ድረስ ቤቱን ገዝቷል ማለት አይቻልም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ሻጩ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ማለትም ደላላው፣ ስልክ አያነሳም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ቤት እያሳየ ነው።

እኔ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ኮሚሽናችሁን ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ ግማሹን ውሉ ሲፈረም፣ ግማሹን ካርታው በገዢው ስም ሲወጣ ተቀበሉ። ከገዢው የምትወስዱትም በመቶኛ መሆኑ ቀርቶ አስቀድሞ የተቆረጠ ገንዘብ ይሁን፤ ለ12 ሚሊዮኑ ቤትም ሆነ ለ11 ሚሊዮኑ ያው። ያን ጊዜ ዋጋ ለማስቀነስ ስትከራከሩ ከኪሳችሁ አይወጣም። ሻጩ ባለትዳር መሆኑንም ሳትጠየቁ ትናገራላችሁ፤ ምክንያቱም ያ ነገር ስም ማዛወሩን ካስቀረ የእናንተም ግማሽ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ደግሞ አስቀድሞ ከገዢው ጋር በጽሑፍ ይሁን። «በጽሑፍ ይሁን» ስላችሁ የምታዩኝን ዓይን አውቀዋለሁ። አሜሪካን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሚዙሪ ውስጥ የቤት ሻጮች በኮሚሽን አሠራር ላይ የመሠረቱት ክስ ተፈረደላቸው። በቀጣዩ ዓመት የሀገሪቱ ብሔራዊ የሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ወኪሎች) ማኅበር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና አሠራሩን ለመለወጥ ተስማማ። ከነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የገዢ ወኪል ለደንበኛው ቤት ከማሳየቱ በፊት የሚከፈለው ምን ያህል እንደሆነ የተቆረጠበት ስምምነት በጽሑፍ መፈራረም አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ዛሬ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚፈርሙት ይህን ነው። እዚያም ሥራው አልቆመም።

ከእናንተ ወገን ያለውን በደል ደግሞ ሳልናገር ብወርድ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ሦስት ሳምንት ያዞራችሁት ገዢ ከሻጩ ጋር ስልክ ተለዋውጦ በጎን እንደሚዋዋልባችሁ አውቃለሁ። እኔ ጋ መጥተው «ደላላውን እንዴት አድርገን እናስቀረው?» ብለው የጠየቁኝ አሉ፤ በትምህርትና በኑሮ የላቁ ሰዎች ናቸው። የቀድሞው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ተዋዋዮችን በሙያው የሚያገናኝ ሰው ብሎ የተረጎመውን ሰው፣ ደመወዙን ለመንፈግ ነው ጠበቃ የሚያማክሩት። ከፊት ረድፍ የተቀመጥከው ወጣት ንግግሬ ሳይጀመር «ግማሹን ወደ ኋላ ብተወው ማን ይከፍለኛል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በቃል ብቻ ከሆነ ማንም አይከፍልህም። ስለዚህ ነው ወረቀት የሚያስፈልገው፤ ወረቀቱ ገዢውን ከአንተ የሚጠብቀውን ያህል አንተንም ከገዢው ይጠብቅሃል።

አንድ ገጽ አዘጋጅቼ አምጥቻለሁ፤ መውጫው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከላይ የደላላውና የገዢው ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ቀጥሎ ደላላው ከሻጩም የሚቀበል ከሆነ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚያመለክትበት መስመር ይገኛል። ከዚያ የጋሼ ሦስት ዓምዶች ናቸው፤ ካርታ፣ ዕዳና እገዳ፣ የሻጭ ጋብቻ፣ ውሃ፣ የክረምት ፍሳሽ እያልኩ ዘርዝሬያቸዋለሁ። ከታች ክፍያው በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይጻፋል። የገንዘቡን መጠን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ያ የእናንተና የገዢው ስምምነት ነው። አንድ አንድ ቅጂ ውሰዱ። የጎደለ መስመር ካያችሁ በእስክሪብቶ ጨምሩበትና መልሱልኝ፤ የሚቀጥለው ወር ቅጂ የእናንተን እርማት ይዞ ይታተማል። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።